መሬት ነው ብዬ የዋሸሁት መስመር

ለኮምፒውተር ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዋሽቻለሁ። ያውም ተጨብጭቦልኛል። ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ጠርተውኝ፣ በፕሮጀክተር አሳይቼ፣ ብስኩትና የታሸገ ውሃ ተጋብዤበታለሁ። ያ ውሸት አሶሳ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፊቴ ተገተረ። በእሱ ጦስ ምንም ያላጠፋ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሐሙስ ነው።

ሄለን እባላለሁ፣ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ የመንገድ ዲዛይን ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ ከልቤ አምን ነበር። አፌ ፈጣን ነው፣ ቁጣዬም አይዘገይም። በቀን ሃያ ወረቀት እፈርማለሁ፣ አንዱንም አላነብም። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ ሳይት ላይ ስዞር ራሴን ፎቶ አነሳ ነበር። በቃ፣ እንዲህ ነበርኩ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ሥራችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ የሚወስደው አቅጣጫ ላይ ነበር። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም፣ ደመወዜን በጊዜው ከፍሎኛል። አዲሱ መንገድ አንድ ቦታ ላይ በድልድይ ከፍ ብሎ የድሮውን የገበያ መንገድ ይሻገራል። ከላይኛው ወደ ታችኛው ለመውረድ ራምፕ ያስፈልጋል። ራምፕ ማለት ከዋናው መንገድ ጎን ተገንጥሎ እየታጠፈ የሚወርድ ቅጥያ መንገድ ነው። የአካባቢው ሰው ገና ሳይሠራ "ምላስ" ብሎ ሰየመው። ፕላኑ ላይ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ መንገዱ በጎኑ ምላሱን ያወጣብን ይመስላል። እኛም "ራምፕ ቁጥር አንድ" ማለቱን ትተን ምላስ አልነው።

የዚህ ምላስ ጣጣው ምን መሰላችሁ? ዋናው መንገድ እዚያ ቦታ ላይ ኩርባ ነው። ኩርባ ላይ መንገድ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ መኪና ወደ ውጭ እንዳይወረወር። ምላሱ የሚነሳው ከተጋደመው መንገድ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ተለይቶ እስኪወርድ ድረስ ከፍታው ከዚያ ጠርዝ ጋር እኩል መሄድ አለበት። ለሰው ብትነግሩት ይገባዋል። ሶፍትዌራችን ግን አይገባውም። ራምፑን ብቻውን የቆመ መንገድ አድርጎ ነው የሚያየው። "ከጎንህ ያለውን ጠርዝ እያየህ ሂድ" ብትሉት መነሻ ቁጥር ስጡኝ፣ መድረሻ ቁጥር ስጡኝ ይላል። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ሰድቤዋለሁ። አንድ ቀን ክዳኑን በጥፊ መትቼዋለሁ።

አንድ የሚሰማው ነገር ግን ነበር፤ መሬት። የተፈጥሮ መሬት ከፍታ ከሰጣችሁት ያንን ተከትሎ መንገዱን ያነጥፋል። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? የዋናውን መንገድ ጠርዝ ከፍታ በየአምስት ሜትሩ በእጄ ለቀምኩ፣ ሰንጠረዥ ላይ ጻፍኩ፣ መልሼ አጎረስኩትና "ይኸውልህ፣ ይሄ መሬት ነው" አልኩት። አመነኝ! ምላሱን በዚያ የውሸት መሬት ላይ ቆንጆ አድርጎ አነጠፈልኝ። መስመሩን "ውሸታም" ብዬ ስም አወጣሁለት፣ ፋይሉ ውስጥም በዚሁ ስም አስቀመጥኩት። ጭብጨባውም ብስኩቱም በዚህ የመጣ ነው።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። የአሶሳን ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከድልድዩ አጠገብ ያለው የውሃ ማሳለፊያ ጠበበ ተባለና በትልቅ ተለወጠ፤ ዋናው መንገድም እዚያ ቦታ ላይ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነ። እኔም ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቁጥር ቀየርኩ። ጠርዙ፣ ትከሻው፣ ቦዩ ሁሉ ዓይኔ እያየ አብሮ ተስተካከለ። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! የመንገዱንና የምላሱን ከፍታ የያዘውን ሉህ አትሜ ለሰርቬየሩ ሰጠሁና ምሳዬን በላሁ።

ሰርቬየሩ ሐሚድ ይባላል። የመሬት ከፍታ የሚለካው፣ መንገዱ የት ጋ በምን ያህል ከፍታ እንደሚያልፍ ችካል ተክሎ የሚያሳየው እሱ ነው። በብሔሩ በርታ ነው፣ የሆሞሻ ሰው፤ አርባን አልፏል፣ ቀጭንና ረጋ ያለ። ችካሎቹን ከቀርከሃ ራሱ ይቆርጣቸዋል፣ ጫፋቸውን ቀይ ይቀባቸዋል፣ ጠማማ ችካል ካየ ይጥለዋል። በሐሚድ አማርኛ እኔ ወንድ ነኝ፤ "አንተ" ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ሰሞን አረምኩት። በኋላ ሳስበው እሱ በርታኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛና ከባምባሲ የለቀማትን ኦሮምኛ ይናገራል፤ እኔ አማርኛና የሶፍትዌር መመሪያ እንግሊዝኛ። አፈርኩና ወንድነቴን ተቀበልኩ።

ሐሚድ ችካል ተሸካሚ ሆኖ ነው የጀመረው። ከዚያ ሜትር ያዥ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ዋና ሰርቬየር። የሆሞሻ ሰዎች ሳይት ሲመጡ ቆመው ያዩታል፤ የእነሱ ልጅ መሣሪያው ጀርባ ቆሞ ለሌላው "ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ" ሲል ማየት ያስደስታቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከፍታ ስቶ ተባረረ ከተባለ የሚቀጥረው የለም። ዜናው በፒካፕ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ እንሂድ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ኮንቴይነር ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ላፕቶፔ በሙቀቱ እንዳይጠፋ ትንሿን ቬንቲሌተር ወደ እሱ አዙሬ እኔ እየተጠበስኩ ነው። ጋሽ ይመር በሩን በጡጫ መታው። ጋሽ ይመር የግሬደር ኦፕሬተራችን ነው፤ በደርግ ጊዜ ቤተሰቦቹ ከወሎ ሲሰፍሩ በልጅነቱ የመጣ። አሶሳ ጎልምሷል፣ አንደበቱ ግን ከወሎ ንቅንቅ አላለም።

"አንቺ ልጅ፣ አንዴ ነይማ ውጪ።"

"ምን ሆነ ጋሽ ይመር?"

"ኧረ በነቢ፣ ደረጃ ነው እንዴ የምንሠራው? ደረጃ ከሆነ ንገሪኝ፣ መደገፊያ እናብጅለት።"

ሄድን። ምላሱ ከታች ወደ ላይ ነበር የተሠራው፤ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እስከ ረቡዕ ድረስ የጠጠር ክምር ተቀምጦ ነበር። ረቡዕ ክምሩ ተነሳ። ሐሙስ ጉዱ ታየ። ምላሱ ተጠቅጥቆ፣ ተስተካክሎ፣ አምሮበት መጥቶ ዋናው መንገድ ሥር ይቆማል። ዋናው መንገድ ደግሞ ከላዩ ጉልበቴ ጋ ይጀምራል። አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ክው አልኩ።

"አብሽሪ" አለኝ ጋሽ ይመር። "ሰው አልሞተም። አስፋልት ለብሶ ቢሆን ነበር ወዮልሽ።"

እንዳላብሽር የሚያደርግ አንድ ነገር ነበረ። በማግስቱ ዓርብ ከቀትር በኋላ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ የሚያየውም ይህንኑ መጋጠሚያ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ሰበሰቡን። አቶ ግርማ ሁለት ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው የሚያወሩ፣ ሲናደዱ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ሁለቱም ስልክ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"ችካሉን የተከለው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ሐሚድ። ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፣ አንድ እጁ የደረት ኪሱ ላይ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። "ሄለን፣ ያ ሶፍትዌርሽ ይሳሳታል?"

"ሶፍትዌሩ አይሳሳትም" አልኩ።

ልብ በሉልኝ፤ ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት ናት። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ማን እንደሆነ ገና አላረጋገጥኩም ነበር፣ ሆዴ ግን አውቆታል። ሆዴ "ውሸታም! ውሸታም!" እያለ ይጮኻል፤ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቁጭ ብያለሁ። "ላጣራ፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ" ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። ፈራሁ። የተጨበጨበላት ልጅ መሆኔ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ማሳመሪያ የለኝም።

"እንግዲያው ችካሉ ነው" አሉ አቶ ግርማ። "ሐሚድ፣ አርባ ሳንቲም እንዴት ይሳታል? ዓይንህ አያይም? ንብረት አስረክብና ከሰዓት ደብዳቤህን ውሰድ።"

ሐሚድ እሳቸውን አላያቸውም። እኔን ነው ያየኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም፤ የመሣሪያው የውሃ ልክ አረፋ መሐል እስኪገባ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። እጁን ከኪሱ ላይ አነሳ።

"ጠይብ፣ እሺ" አለና ወጣ።

እኔ ወደ ኮንቴይነሬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ምላሱን አወጣሁ። ውሸታም እዚያው ናት። ክረምት ሳይገባ በነበረችበት ከፍታ ጋደም ብላለች። ዋናው መንገድ ሲነሳ ሁሉም አብሮ ሲነሳ እሷ አልተነሳችም። ለምን ትነሳለች? መሬት ናት ብያለሁ እኮ! መሬት ደግሞ ወረቀት ላይ ቁጥር ስለተቀየረ አይነሳም። ሶፍትዌሩ ቃሌን አምኖ መሬቴን ሳይነካ ጠብቆልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያመነኝ የለም፣ ያንን ቀን ግን ምነው ባላመነኝ ብያለሁ።

የሐሚድ ችካሎች ልክ ነበሩ ማለት ነው። እኔ በሰጠሁት ሉህ ላይ ባለው ቁጥር፣ ሚሊሜትር ሳይዛነፉ።

አሁን የምነግራችሁን ለእናቴም አልነገርኩም። ውሸታምን በአዲሱ ከፍታ አስተካከልኩ፣ ምላሱን መልሼ አነጠፍኩት። አዲስ ሉህ አተምኩ። የድሮው ሉህ አቶ ግርማ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ባለው ፋይል ውስጥ ነው። የድሮውን አውጥቼ አዲሱን ብሰካ ዲዛይኑ ሁሌም ልክ ነበር ማለት ነው፤ ሐሚድ ሳተ፤ አለቀ። ሐሚድ ጋ ያለውንስ? ንብረት ሲያስረክብ ሉሁን አብሮ ይመልሳል፣ የምረከበው ደግሞ እኔ ነኝ። እዩት እንግዲህ፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶልኛል! ሉሁን ሰደርያዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ገና ትኩስ ነበር፣ ሆዴ ላይ ይሞቀኛል።

ጋሽ ይመር ግሬደሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል።

"ያ ሰውዬ ችካሉን እያጠበ ነው" አለኝ ቀና ሳይል።

"ማን?"

"ሐሚድ ነዋ። የሚባረር ሰው ችካል ያጥባል? እኔ ብሆን ግሬደሩን እዚያው ቦይ ውስጥ ትቼላቸው ነበር የምሄደው።"

ወደ ምላሱ ሄድኩ። እውነትም ሐሚድ ቁጢጥ ብሎ ከሥራ የተረፉትን ችካሎች በጨርቅ እየጠረገ አሥር አሥሩን በልጥ ያስራል። የመሣሪያው እግር ታጥፎ፣ መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ተደርጎበታል። እኔን ሲያይ ተነሳና በቀጭን የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ሰጠኝ።

"ኢንጂነር፣ እዚህ ፈርም። ንብረት ሁሉ አለ።"

እስክሪብቶ አወጣሁ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወረቀቱን አነበብኩት። "መሣሪያ አንድ፣ ደህና። ባለ ሦስት እግር አንድ፣ ደህና፣ አንዱ ጠመዝማዛ ላልቷል። የቀርከሃ ችካል ስልሳ አራት፣ ደህና፣ ሁለት የተሰነጠቀ። የራምፕ ሉህ አንድ፣ ደህና።" የላላችውን ጠመዝማዛ ሳይቀር ጽፏል። ማንም የማያያትን ጠመዝማዛ! እኔ ሆዴ ላይ የተለወጠ ሉህ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ እሱ ስለ ጠመዝማዛ ይናዘዛል።

እጄ እምቢ አለኝ። "ቆይ፣ መጣሁ" አልኩትና ወረቀቱን መለስኩለት።

ወደ አቶ ግርማ ቢሮ ስሄድ ዕንባዬ እየመጣ እሳደባለሁ። ማንን እንደምሳደብ እንጃ፤ ሶፍትዌሩን፣ አቶ ግርማን፣ ራሴን። በሩ ጋ ስደርስ ከከተማው መስጊድ የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ፀሐፊያቸው ሬዲዮዋን ቀነሰች። እዚያው ቆሜ አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሃይማኖተኛ ሆኜ አይደለም፤ ጊዜ መግዛቴ ነው። ሲያልቅ ገባሁ።

"አቶ ግርማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የትኛው ጥፋት?"

"የምላሱ። ሐሚድ የሰጠሁትን ነው የተከለው። እኔ ኮምፒውተሩን ዋሽቼው ነበር።"

"ለምን ዋሸሽው?"

"እውነቱ ስላልገባው።"

ሉሁን ከሰደርያዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ይሄንን ደግሞ ከድሮው ጋር ልለውጠው ነበር የመጣሁት። አተምኩት፣ ግን አልለወጥኩትም።" ሁሉንም ነገርኳቸው። ውሸታምን፣ መሬቱን፣ አርባ ሁለቷን ሳንቲም። አቶ ግርማ ሉሁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጣራውን አዩ።

"ያ ያጨበጨብንልሽ ነው?"

"እሱ ራሱ ነው።"

"ብስኩቱንም በልተሻል።"

"በልቻለሁ።"

ወደ ፀሐፊዋ ጮኹ። "ያ የሐሚድ ደብዳቤ ተጽፏል?"

"መብራት ስለሄደ አልታተመም፣ ጋሼ።"

"ስሙን አጥፊና የሷን ጻፊ!" ወደ እኔ ዞሩ። "ነገ ስምንት ሰዓት ሰውዬው እዚህ ነው። መጀመሪያ አስተካክይ። ከዚያ ትባረሪያለሽ።"

በዚህ ቅደም ተከተል ተስማማን።

መብራቱ የሄደው እኔ ሉሁን እንዳተምኩ ነበር፤ ጄኔሬተሩም ያንኑ ቀን ተበላሽቷል፣ የላፕቶፔም ባትሪ አልቋል። አዲሱ ሉህ ደግሞ ምላሱ ገና እንዳልተሠራ ቆጥሮ የተሳለ ነው፤ አሁን ግን ምላሱ መሬት ላይ ተጠቅጥቆ ቆሟል። ባለበት ላይ አፈር ጨምረን፣ ከየት ጀምረን ምን ያህል እንደምናነሳው እያንዳንዷን ነጥብ ማስላት አለብን። ሶፍትዌር የለም፣ መብራት የለም። እኔ፣ ሐሚድ፣ ጋሽ ይመርና ስልሳ አራት ችካል፤ ሁለቱ የተሰነጠቁ።

ሐሚድ ጋ ደርሼ "ሐሚድ፣ ተናግሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። የሚበቃ ንግግር አልነበረም።

"መዓሌሽ" አለና መሣሪያውን ከሳጥኑ አወጣ። ግድ የለም ማለቱ ነው፤ እንዲህ በአንዲት ቃል።

የዋናውን መንገድ ጠርዝ በየአምስት ሜትሩ ለካን። እኔ ኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ በእጄ ያልነካሁትን የኩርባ ስሌት ከጭንቅላቴ ጓዳ እየፈለግኩ ነው። "ወረቀት ስጠኝ" አልኩት። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ትንሽዬ የሜዳ ደብተሩን ሰጠኝ፣ ላብ የጠጣች። ባዶ ገጽ ፍለጋ ገለጥኩ፣ ገለጥኩና አንድ ገጽ ላይ ቆምኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረ ቀን ተጽፎበታል። "ምላስ፣ መገናኛ። ችካል ከዋናው መንገድ 42 ሳንቲም ታች ነው። ለኢንጂነር ሄለን ተነግሯል። 'ሉሁ ላይ ያለውን ትከል፣ ኮምፒውተሩ ያውቃል' ብሏል።"

ከሥሩ ፊርማ አለ። የኔ ፊርማ። ሰፊ፣ ቀብራራ፣ ጅራቱ ገጹን አልፎ የወጣ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሐሚድ ኮንቴይነሬ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሲል፣ እኔ ላፕቶፑ ጠፍቶብኝ ስቆጣ፣ ፊቱን እንኳ ሳላይ ስፈርም። ነግሮኛል! ከሦስት ሳምንት በፊት ነግሮኛል! ጠዋት አቶ ግርማ ፊት ሲዋረድም ይቺ ደብተር ኪሱ ውስጥ፣ መዳፉ ሥር ነበረች።

"ሐሚድ፣ ይሄንን ለምን አላሳየሃቸውም?"

በመሣሪያው እያየ ነው፣ ዓይኑን አላነሳም። "አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ።"

"ባልናገርስ?"

አሁን ቀና አለ። ፈገግ ብሏል። "እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ ኢንጂነር። ልጆች አሉኝ። እስከ ዙህር እጠብቃለሁ አልኩ። አዛን ካለ ኸላስ፣ ደብተር አወጣለሁ።"

ጋሽ ይመር ከግሬደሩ ላይ ሳቁን ለቀቀው። "ያ ረቢ! ለጥቂት ተረፍሽ በይኛ!"

እኔም ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ። ያንን ደብተር እስኪሞላ ድረስ ጻፍኩበት፤ እያንዳንዷን ቁጥር ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ሐሚድ ይደግማታል፣ ትክክል ካልመሰለችው "እንደገና" ይለኛል። ሦስቴ "እንደገና" አለኝ። በሁለቱ እሱ ልክ ነበር። አፈሩ እየተጨመረ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ፀሐይዋ ጠለቀችብን፤ ዓርብ ማለዳ ቀጠልን። የምላሱ ቁልቁለት ከበፊቱ ትንሽ ጨመረ፣ ከተፈቀደው ግን አላለፈም።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ይመር ፒካፑን አስነሳ። የእሱ ፈተና ሌላ ነው፤ አፉ የተከፈተ፣ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ መሪው ፊት ለፊት ያስቀምጥና መጋጠሚያውን በመኪና ያልፋል። ውሃው ከፈሰሰ መንገዱ ወድቋል። ሦስታችንም ተሳፈርን። ከዋናው መንገድ ወደ ምላሱ ታጠፈ። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃው ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፣ ተመለሰ፣ ጸጥ አለ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ጋሽ ይመር ጠርሙሱን አነሳና ግማሹን ጠጥቶ ለሐሚድ ሰጠው።

ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ መጣ። አቶ ግርማ የሆነውን ነገሩት፤ ደብተሩን ተቀብሎ ስሌቴን አንድ በአንድ አየ፣ ችካሎቹን በራሱ መሣሪያ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ "የአሶሳ ማንጎ የት ነው የሚገኘው?" አለ። የሁለት ቀን ስቃያችን በዚህ ተዘጋ። የኔ ስንብት በአቶ ግርማ ቸርነት ወደ መጨረሻ ማስጠንቀቂያ ዝቅ አለ። ደብዳቤውን ስቀበል ፀሐፊዋ "ፈርሚ" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበብኩት፤ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስታ ስለነበር አሳረምኳትና ፈረምኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ "ከዚያ በኋላ መዋሸት ተውኩ" እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተውኩም። ሶፍትዌሮች አሁንም ብዙ ነገር አይገባቸውም፣ እኔም አሁንም እዋሻቸዋለሁ፤ ካልዋሸን መንገድ አይሠራም። ነገር ግን በዋሸሁ ቁጥር ሉሁ ላይ በቀይ እጽፋለሁ፤ "ይህ መሬት አይደለም፣ ሄለን የፈጠረችው ነው፣ ዋናው ከተነሳ ይሄም ይነሳ።" ወጣት መሐንዲሶች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰርቬየር በር ላይ ሲመጣ ደግሞ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። እናንተም መሐንዲስ ባትሆኑ እንኳ፣ አምኖ ዝም ያላችሁን ነገር አንዳንዴ ዞር ብላችሁ እዩት። የሚያምናችሁ ነገር ስህተታችሁንም አምኖ ነው የሚጠብቅላችሁ።

አንድ ነገር ቀረችኝ።

ሥራው አልቆ ከአሶሳ ልሄድ ስሰናዳ ሐሚድ ቤቱ ጋበዘኝ፣ ሆሞሻ። በምላሱ በኩል አብረን በፒካፕ ስንወርድ ያንን ሐሙስ እያነሳን እንሳሳቃለን። "ለጥቂት ነው እኮ፣ አዛን ሳይል ባልገባ..." ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ፀሐፊዋ ሬዲዮዋን ስትቀንስ ታየኝ። በሩ ላይ ቆሜ አዛኑ እስኪያልቅ ስጠብቅ።

"ሐሚድ፣ እኔ የገባሁት ከአዛን በኋላ ነው።"

መንገዱን ያያል።

"አዛን ብሎ ነበር። አንተ ለመስጊዱ ከእኔ ይልቅ ትቀርብ ነበር። ደብተሩን ለምን አላወጣህም?"

"አልሰማሁም" አለ። "ያን ቀን ንፋስ ነበር።"

እኔ ያንን ቀን ከደቂቃ ደቂቃ አስታውሰዋለሁ። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።